የእህቴ እጅና አራቱ ዶሮዎች

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ጠብታ» ነው የሚለው። ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሰው ደውሎ «ቧንቧችን ተበላሽቷል» ሲለው፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ «ጠብታ ነው ወይስ ይፈሳል?» ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህችኑ ሲጠይቅ ኖሮ ስም ሆና ቀረችበት። እሱም አይከፋውም፤ እንዲያውም ስልክ ሲያነሳ «አቤት፣ ጠብታ ነኝ» ይላል።

እውነቱን ልናገርና፣ ድሮ ብዙም አልወደውም ነበር። እታለም፣ ታላቅ እህቴ ማለት ነው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ታይፕ የመታች ሴት ናት። ስትመታ ጣቶቿ አይታዩም። አንድ ቀን የቢሮው ሲንክ ተደፈነና ይሄ ሰውዬ መፍቻውን ይዞ መጣ። ሲንኩ በአንድ ሰዓት ተሠራ፤ እሱ ግን ለሳምንት «ልየው ብዬ ነው» እያለ ተመላለሰ። እንዲህ ብሎ ነው እህታችንን ይዞብን የሄደ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ንጽሕና የምወድ ሰው ነኝ። ከፍሳሽ ጉድጓድ ወጥቶ ሳሎን የሚገባ አማች እንዴት ብዬ ልውደድ!

በዚያ ላይ ማሰሮው። ማሰሮ እላለሁ እንጂ ክዳን ያለው የማርማላት ብልቃጥ ነው። ሥራ በሄደበት ቤት ሁሉ ከሲንክ ሥር፣ ከቱቦው ጀርባ፣ ከማንሆሉ ክዳን ሥር ያገኘውን በረሮ እየለቀመ እዚያ ውስጥ ይከታል። ለምን ብትሉ፣ ለእታለም ዶሮዎች። ማታ ሲገባ ብልቃጡን ያንቀጫቅጫል፤ እሷ «ደመወዝ ወጣ!» ብላ በጓሮ በር ትወጣለች፤ ዶሮዎቹ ከየጥጉ እየበረሩ ይመጣሉ። ዶሮዎቹንም በመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ነው የሰየመቻቸው። ቀይዋ ትልቋ «ዳይሬክተሯ» ናት፤ ስትራመድ ስብሰባ የረፈደባት ነው የምትመስለው። ጥቁሯ «ገንዘብ ያዥ»፣ ያገኘችውን ይዛ ጥግ የምትገባ። ነጠብጣቧ «መዝገብ ቤት»፣ ሁሉን ነገር ደጋግማ የምታገላብጥ። ትንሿ ነጭ ደግሞ «ተላላኪ»፤ ስትሮጥ እንጂ ስትቆም ያየናት ቀን የለም።

አንድ ጠዋት እታለም ፀጉሯን እያበጠረች ሳለ ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ አለችና አልተነሳችም። ስትሮክ ነው አሉ። ከሆስፒታል ስትወጣ ቀኝ ጎኗ የሷ አልነበረም። እግሯ ቀስ በቀስ በከዘራ መለስ አለላት። አፏ ላይ የቀረችው አንዲት ቃል «እሺ» ብቻ ሆነች፤ ሲርባትም እሺ፣ ስትናደድም እሺ። ቀኝ እጇ ግን ተጨብጦ ቀረ። የጨበጠው ነገር ያለ ይመስል ድርቅ ብሎ ተዘጋ። ጥፍሯ መዳፏን እየወጋ ያቆስላት ስለነበር ጥጥ እየጠቀለልኩ በጣቶቿ መሃል እሰካላት ነበር። ያንን እጅ አውቀዋለሁ እኮ! በሱ ነበር ልጅ ሆኜ ፀጉሬን የምትሠራኝ።

የስፌት መኪናዬን ጭኜ እነሱ ግቢ ገባሁ። «ለአንድ ወር ነው» ብዬ ነበር።

በሳምንት ሁለት ቀን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ትመጣለች። ልጅ እግር ናት፣ ግን አነጋገሯ ቁጥብ ነው። ለእታለም የጎማ ኳስ ሰጠቻትና እኔንና ጋሼን ጓሮ ጠርታ እንዲህ አለችን፦ «የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት እንዳታባክኗቸው። እጁ በነዚህ ወራት ካልተከፈተ ከዚያ በኋላ በጣም ይከብዳል። ደግሞ ግራ እጇ እንዳያግዛት። ግራው ሥራውን ሁሉ ከለመደ አእምሮዋ ቀኙን ይተወዋል።»

«ይተወዋል ማለት?» አለ ጋሼ።

«ይረሳዋል።»

ጋሼ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀን የሚቆጥር ሰው ሆነ። ኳሱን መዳፏ ላይ እናስቀምጣለን፣ ይወድቃል፤ እናነሳለን፣ ይወድቃል። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። እታለም ኳሱን ስታየው ፊቷን ማዞር ጀመረች። ታይፕ እንደ ዝናብ ታወርደው ለነበረች ሴት የሕፃን ኳስ! እኔም ብሆን እወረውረው ነበር።

ሦስተኛው ወር ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። ጋሼ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመጣ ከፈነዳ ቱቦ አጠገብ የቆፈረውን የመሬት ትል በብልቃጡ ይዞ ነበር። ቧንቧ የሚያፈስበት አፈር ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ትሎቹ እዚያ ይሰበሰባሉ። እታለም በጓሮው ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ዳይሬክተሯ ዘላ ጭኗ ላይ ወጣችና አንገቷን እያጣመመች የተጨበጠውን እጅ ታየው ጀመር። ድሮ ምግብ የሚመጣው ከዚያ እጅ ነበራ! ጋሼ ምን እንደመጣለት እንጃ፣ አንዱን ትል አንስቶ በእታለም አውራ ጣትና በሌባ ጣቷ መሃል ሻጥ አደረገው። ዶሮዋ ጫፉን ይዛ ሳበች። አልለቅ አላት። እንደገና ሳበች። ያኔ የእታለም አውራ ጣት ነቅነቅ አለ።

«አየሽ? አየሽ ወይ?» ብሎ ጮኸ ጋሼ።

«ዶሮዋ ናት የሳበችው» አልኩት። እንዲህ ያለች ክፉ ነኝ።

«በሞቴ፣ ዝም ብለሽ እይ» አለኝና ሌላ ትል አወጣ። ዶሮዋ ገና ሳትደርስ አውራ ጣቱ ከፈት አለ። ትሉ ወደቀ። እኔ እዚያው መሬት ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ፤ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። እታለም ደግሞ ያ አንድ ጎኑ ብቻ የሚስቅ ፊቷን ወደኔ አዙራ «እሺ» አለች፣ «አላልኩሽም?» የምትል ትመስላለች።

ከዚያ በኋላማ ሰውየውን ማን ይቻለው! ስልክ ሲደወልለት «ጠብታ ነው ወይስ ይፈሳል?» ካለ በኋላ «በረሮ አላችሁ?» ማለት ጀመረ። አንዷ ደንበኛ «ቤቴን ሰደበኝ» ብላ በሰፈሩ ስሙን አጠፋችው። ሌላው ደግሞ ቀልድ መስሎት «ስንት ኪሎ ላስቀምጥልህ?» ቢለው ጋሼ ከልቡ ነው የደነገጠ፣ «አይ፣ ትንሽ ይበቃል፣ ሲበዛ ያወፍራቸዋል» ብሎ መለሰለት። ሦስተኛም ጥያቄ ነበረችው፤ በሷ ላይ ቀልድ አያውቅም፦ «መድኃኒት ነፍታችኋል?» አዎ ካሉት አንዲት በረሮ አያነሳም። የተመረዘ ነፍሳት የበላች ዶሮ እሷም ትመረዛለች ይላል። ለኔም ይህንኑ አሥር ጊዜ ነግሮኛል። «እዚህ ግቢ መድኃኒት የሚባል ነገር እንዳይገባ። ጉንዳን ቢመጣም፣ ዝንብ ቢመጣም።»

ጠጉራም አባጨጓሬ አይሰጣቸውም፤ ጉሮሯቸውን ይቧጥጣል። ምስጥ ከበሰበሰ የበር ጉበን ያመጣል፤ ፌንጣ ሲያገኝ ደግሞ እንደ ሕፃን ሮጦ በባርኔጣው ይይዛል። ግን ይህ ሁሉ የሚገኘው እንደ ዕድል ነው፤ እታለም ደግሞ በየቀኑ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ዱቄት መጋዘን ከሚሠራ ወዳጁ ጥቂት ጥንዚዛ ለምኖ በባልዲ ፉርሽካ ውስጥ ማርባት ጀመረ። ጥንዚዛዎቹ እንቁላል ይጥላሉ፣ ከዚያ የክብሪት እንጨት የሚያክል ቡናማ ትል ይወጣል። ከላይ ካሮት ተቆርጦ ይደረግላቸዋል፣ ውሃቸው እሱ ነው። ባልዲው የተቀመጠው የት መሰላችሁ? እኔ የምሰፋበት ክፍል፣ የጨርቅ መደርደሪያዬ ሥር! «ሞቅ ያለ ቦታ ይፈልጋሉ» አለኝ። ደሜ ፈላ። ግን ምን እላለሁ?

ትሎቹ ከሁሉም የተሻሉ ሆነው ተገኙ። መዳፏ ላይ ሲንቀሳቀሱ ይኮረኩሯታል መሰለኝ፣ እታለም ትንፋሿን ይዛ እጇን ታየዋለች። ከዚያ ጣቶቿ አንድ በአንድ ይላቀቃሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጥታ አየች። ቀጥሎ ኳሱን ከመሬት አንስታ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። «በዚሁ ቀጥሉ» አለች፣ «እኔ ከዚህ የተሻለ የለኝም።» በአራተኛው ወር መጨረሻ እጇ አንዴ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። የመዳፏን መስመሮች ካየኋቸው ስንት ጊዜዬ! እኔ በረሮ ሳይ የምጮህ ሴት ጠዋት ጠዋት በጣቴ ትል መራጭ ሆኜ አረፍኩት። ወፍራሙን፣ የሚንፈራገጠውን ለእታለም እመርጥላታለሁ።

በአምስተኛው ወር ዝናብ ጣለና ጉንዳን ቤት ገባ። አንድ ጠዋት ባልዲውን ስከፍት ግማሹ ትል አልቋል፤ ጥቁር መስመር ሠርተው እየተሸከሙ ይወስዷቸዋል። ጋሼ አንድ ትምህርት ቤት ቱቦ ፈንድቶ ሊሮጥ መፍቻውን ይዞ ቆሟል። «ዙሪያውን አመድ አድርጊበት» አለኝና ወጣ።

አመድ! ነጭ የሙሽራ ልብስ በተንጠለጠለበት ክፍል አመድ ልነስንስ? እንዴት ተደርጎ! ደግሞ አመዱ ነፋስ ሲነካው ይበተናል፤ ጉንዳኑም ተመልሶ ይመጣል፤ ትሎቹም ካለቁ የእታለም እጅ ምን ይሆናል? ክር ልገዛ ገበያ ስሄድ ነፍሳት ማጥፊያ የሚሸጠውን ሰውዬ አየሁት። በትንንሽ ላስቲክ የታሰረ ነጭ ዱቄት፣ ስም የለው ጽሑፍ የለው። «ጉንዳን እንኳን ሊሻገረው፣ ሽታው ከሩቅ ይመልሰዋል» አለኝ። የጋሼ ቃል ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ትዝ ብሎኛል። ግን እኔ ልክ ብልህ ነኝ ብዬ ሌላ ነገር አሰብኩ።

ከነጭ ፖፕሊን ጨርቅ ለባልዲው ክብ ክዳን ሰፋሁለት። ጠርዙን ድርብ አድርጌ አጠፍኩና እንደ ቱቦ ክፍት ተውኩት። ከወረቀት መክተቻ ሠርቼ ዱቄቱን ዙሪያውን ሞላሁበት፤ በዚግዛግ ሁለቴ ዘጋሁት፤ ከሥሩ ላስቲክ አስገባሁ። ዱቄቱ አይበተን፣ ትሎቹን አይነካ፣ ጉንዳኑም በጠርዙ ላይ አያልፍ። በሕይወቴ ከሰፋሁት ሁሉ እንደዚያ የኮራሁበት ስፌት የለም።

ጋሼ ማታ ገባና ክዳኑን በጣቱ ዳሰሰው። ጠርዙን ጫን አደረገው። «አመዱን እዚህ ውስጥ ሰፋሽው?» አለኝ፣ ዓይኖቹ በደስታ በርተው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አዎ» አልኩት።

«ወይ አንቺ!» አለ። «ይቺን የመሰለ ጭንቅላት ይዘሽ እንዲያው ቀሚስ ስትሰፊ ኖርሽ።» እታለም ድረስ ይዞት ሄደና አሳያት።

ጉንዳኑ በእርግጥም ቀረ። ሦስት ቀን እኔን የሚያህል ሰው አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን አነሳለሁ፣ ፉርሽካ ይዞ እንደሆነ ብዬ ሁለቴ አራግፈዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲያነሳ ያራግፋል፤ እጄ የለመደው ነው። የማራግፈው ባልዲው ላይ ነበር። ፖፕሊን ደግሞ ምን ያህል ስስ ጨርቅ እንደሆነ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?

በአራተኛው ቀን ጋሼ በጠዋት ለሥራ ወጥቷል። ትሎቹ ፈዘዝ ብለዋል። ብርድ ነው አልኩ። ትንሽ ነቃ ያሉትን መርጬ በሰሃን ይዤ ወጣሁ።

ያን ቀን እታለም ምን እንዳገኛት አላውቅም። ፀሐይ ነበር፤ ሌሊቱን ደህና ተኝታለች። የመጀመሪያውን ትል መዳፏ ላይ ሳደርግላት ሳትታገል ሙሉ እጇን ዘረጋችው። ዳይሬክተሯ ወሰደች። ሁለተኛውን ሰጠኋት፣ ዘረጋች፤ ገንዘብ ያዥ ይዛ ጥጓ ሮጠች። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ለአራቱም ለየራሳቸው ዘረጋችላቸው። ከዚያም ደገመችው። እኔ እያጨበጨብኩ እጨፍራለሁ፣ «እሰይ የኔ እመቤት! ጋሼ ይምጣና ይየው!» እላለሁ። እሷ እየሳቀች ነው። በበሽታዋ ከተያዘች ጀምሮ እጇ እንደዚያ ተከፍቶ አያውቅም ነበር።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ዳይሬክተሯ እየተራመደች ሳለ እግሯ ታጠፈባት። ትነሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ከአፏ ልጋግ ይዝረበረባል፤ አንገቷ ወደ ጀርባ ይጠማዘዛል። ቀጥላ መዝገብ ቤት በደረቷ ወደቀች። ዓይኔ ወደ እታለም እጅ ሄደ። በመዳፏ መስመሮች ውስጥ ቀጭን ነጭ ነገር አለ።

እንዴት አድርጌ ወንበሯን ወደ ውሃው እንደጎተትኩት አላውቅም። እጇን በሳሙና አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አጠብኩት። እሷ አንገቷን አጣምማ ወደ ዶሮዎቹ ታያለች፣ «እሺ! እሺ! እሺ!» ትላለች፣ በግራ እጇ ትገፋኛለች። አትሂጂብኝ እያለች ይሁን፣ ሂጂና አንሺያቸው እያለች ይሁን፣ እኔ ከየት አውቄ! እግዚኦ፣ ሁለት እህትማማቾች፣ አንዷ መናገር የማትችል፣ አንዷ የምትናገረው የጠፋት።

ለሰፈራችን የእንስሳት ሐኪም ደወልኩ።

«ምን በሉ?» አለኝ።

ነገርኩት። ምንም ሳልደብቅ ነገርኩት።

«የዱቄቱ ስም ምንድን ነው?»

«ስም የለውም። በላስቲክ ነው የገዛሁት።»

«የማውቀው ዓይነት ይመስለኛል። ማርከሻ መርፌ አለው፤ ግን እኔ ከከተማ ውጪ ነኝ፣ ከቀትር በፊት አልደርስም። ምግቡን አንሺ፣ ጥላ ሥር አድርጊያቸው። እናንተ ደህና ናችሁ? የሴትየዋን እጅ ደግመሽ እጠቢ፤ ካላባት ወይም ትንፋሽ ካጠራት ቶሎ ሆስፒታል ውሰጂያት።»

«ለዶሮዎቹስ ምን ላድርግ?»

«ሌላ የምታደርጊው ነገር የለም፣ እህቴ» አለኝ።

ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረም። ጥላ ሥር አድርጌያቸው ተቀመጥኩ። የአንዷን አንገት ስይዝ የሌላዋ ይጠማዘዛል። እታለምን ወደ ቤት ላስገባት ብል የወንበሩን ክንድ በግራ እጇ ይዛ አልነቃነቅ አለች። እያየችም ዳይሬክተሯ ሞተች፣ ቀጥሎ መዝገብ ቤት፣ ቀጥሎ ገንዘብ ያዥ እዚያው ጥጓ ውስጥ።

ጋሼ ስደውልለት የጀመረውን ሥራ እንዳለ ጥሎ መጣ። የቧንቧ ጥርስ የሚጠቀልልበት ነጩ ቴፍሎን አሁንም ጣቱ ላይ እንደተጠቀለለ ነበር። ተላላኪን ከመሬት አንስቶ ደረቱ ላይ አደረጋት። ያቺ ቆማ የማታውቅ ዶሮ በእጆቹ መሃል ትንሽ ተንፈራገጠችና ቆመች፤ በቃ።

«ምን አገኛቸው?» አለ።

«አመድ አልነበረም» አልኩት።

ቶሎ አልገባውም። ከዚያ ወደ እኔ ክፍል ገባና ክዳኑን ይዞ ወጣ። ጠርዙን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት ሲያደርገው እንደ ጭስ ብን አለ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ።

«ለምን አመድ ነው አልሽኝ?»

«እንዳትቆጣኝ ብዬ።»

«ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?» አለ።

አያውቅም። አንድም ቀን። ቢቆጣ፣ ቢሰድበኝ፣ የስፌት መኪናዬን ይዤ ከቤቱ እንድወጣ ቢያዘኝ እግሩን ስሜ እሄድ ነበር። እሱ ግን ሄዶ እታለም እግር ሥር ተንበርክኮ «እጅሽን አሳዪኝ» አላት። እጇ ተጨብጦ ነበር። ሊከፍተው ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ዶሮዎቹንም ባልዲውንም ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራቸው። እታለም በጤናዋ ላይ ምንም አልደረሰባትም፤ ሐኪም አይቷት ደህና ናት ብሏል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጓሮ አልወጣም አለች። በሩ ጋ ስናደርሳት ከዘራዋን መሬት ላይ ተክላ ትቆማለች። እጇ እንደ መጀመሪያው ወር ሆነ፣ እንዲያውም ባሰ። ጥጡን ለመስካት እንኳ ከሷ ጋር እታገላለሁ።

ዘግይቼ ነው የገባኝ። እጇን ዘረጋች፣ በሉ፣ ሞቱ። ለያንዳንዳቸው ለየብቻ ነው የዘረጋችላቸው። ያየችው ይህንን ነው። ዱቄቱን አላየችም፣ ገበያ አልሄደችም። ይህን ሳስብ ከወንበሬ ተነስቼ ሮጥኩና ፊቷ ቁጭ አልኩ። «እታለም፣ እኔ ነኝ። ስሚኝ፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው። መድኃኒት ሰፍቼ። ያንቺ እጅ ምንም አላደረገም።»

«እሺ» አለች።

«ገባሽ?»

«እሺ።»

በማግስቱም ነገርኳት፣ በሳልስቱም። ክዳኑን በሌላ ጨርቅ ሰፍቼ፣ በውስጡ ስኳር ከትቼ፣ አራግፌ አሳየኋት። ጋሼም በበኩሉ ይነግራታል። እሺ ትለናለች። አምናን ይሁን፣ ልታሰናብተን ይሁን፣ የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ነው። ከሷ ውስጥ ገብቼ ያንን ነገር እንዳላወጣው በሩ አንዲት ቃል ብቻ ናት።

ጋሼ አራት አዳዲስ ዶሮዎች አመጣ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጠብጣብ፣ ነጭ፤ ቀለማቸውን ለማዛመድ ስንት ገበያ እንደዞረ አልነገረንም። አቅፎ ተሸክሞ ነው ጓሮ ያወጣት። አዲሶቹ ዶሮዎች አያውቋትም፤ ሲያዩዋት ሸሽተው አጥር ሥር ገቡ። ከፈነዳ ቱቦ ሥር የቆፈረውን ትል አምጥቶ በጣቶቿ መሃል ሻጥ አደረገላት። ጠበቅን። እጇ ይባስ ጠበቀና ትሉ እዚያው ውስጥ ተጨፈለቀ። እኔ ነኝ በሞቀ ውሃ፣ ጣት በጣት እያላቀቅኩ፣ ያጠብኩላት። በማግስቱም ሞከርን፣ ተጨፈለቀ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ያንን እጅ አጠብኩ። ፊቷን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ለመጨረሻ ጊዜ መጣች። ስድስተኛው ወር ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጓሮ ወጥተን ተቀመጥን፣ አራታችንም። ጋሼ ብልቃጡን ከፍቶ አንድ ትል በቀኝ እጇ ጣቶች መሃል አደረገላት። አዲሷ ቀይ ዶሮ ራቅ ብላ ቆማ አንገቷን ታጣምማለች። እታለም ዶሮዋን አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። ቀኝ እጇ አልተነቃነቀም።

ከዚያ እንዳያግዛት የተባለውን ግራ እጇን አነሳች። በሁለት ጣቷ ትሉን ከተጨበጠው እጅ ውስጥ ቀስ ብላ መዘዘችው፤ እንዳይበጠስ እየተጠነቀቀች። በግራዋ ወረወረችላት። ዶሮዋ ሮጣ መጥታ ዋጠችው፤ ሌሎቹም ተከትለው መጡ። እታለም ግራ እጇን ወደ ጋሼ ዘረጋች፣ ጨምርልኝ ነው። ሰጣት። ወረወረች። እንደገና ዘረጋች። ቀኙን ደግሞ ዶሮዎቹ በማያዩበት በኩል፣ በጭኗና በወንበሩ ክንድ መሃል ሸሸገችው።

ልጅቷ ማስታወሻዋን ዘግታ እግሯን እግሯን ማየት ጀመረች።

«አበላቻቸው!» አለ ጋሼ። ጉንጩ ላይ እንባው ይወርዳል፣ አፉ ደግሞ ይስቃል። «አየሽ? ራሷ አበላቻቸው እኮ!»

«አየሁ፣ ጋሼ» አልኩት።